ከአይፓዱ በፊት ማርሚታውን እይ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ድሬዳዋ ነው ያደግኩት። ፍሎሪዳ ሳለሁ የግል አብራሪ ፈቃድ አውጥቻለሁ፤ 140 ሰዓት በርሬያለሁ። አሁን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ያገለገለች፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የተሠራች ሴስና 172 አውሮፕላን ወደ ድሬ ልናመጣ ነው። ሐሳባችን ቅዳሜና እሁድ በሐረር በኩል ዞር ማለት፣ ጅግጅጋ መሄድ፣ አንዳንዴም አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ ነው። ታላቅ እህቴ በሚቀጥለው ወር ከዋሽንግተን ትመጣለች፤ ሻንጣዋ ላይ ቦታ አላት። በጀቴ 2,000 ዶላር ነው። የአየር ሁኔታና ሌላ አውሮፕላን የሚያሳይ የኤዲኤስ-ቢ መቀበያ ከአይፓድ ጋር ላስመጣ አስቤያለሁ። ኦክስጅንስ ያስፈልጋል? የጣት ኦክስጅን መለኪያ ስላለኝ የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ አያስፈልገኝም አይደል? ኢኤልቲ (አደጋ ሲደርስ የድረሱልኝ ምልክት የሚያሰራጨው ሬዲዮ) አውሮፕላኗ ላይ አለ ተብለናል። አንዱ ጓደኛችን ግን ይህን ሁሉ ትተን አውሮፕላኗን ራሷን የሚያወርድ ፓራሹት ያላት ሲረስ እንግዛ ይላል። ምን ይሻላል?»

ከጥያቄህ ውስጥ ያሳሰበኝ ያልጠየቅከው ነገር ነው። ፍሎሪዳ ተማርኩ ብለሃል። ፍሎሪዳ ማለት ማኮብኮቢያው ከባሕሩ እኩል የተነጠፈበት፣ ተራራ በፎቶ ካልሆነ የማይታይበት አገር ነው። 140ውም ሰዓት እዚያ ከሆነ፣ ድሬ ላይ ስትነሳ ያቺ የምታውቃት ሴስና ሌላ አውሮፕላን ትሆንብሃለች። ስለዚህ ከዕቃው በፊት ስለ አየሩ ላውራህ። የትኛው ዕቃ እንደሚጠቅምህ የሚወስነው እሱ ነው።

የድሬው አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 3,800 ጫማ ገደማ ላይ ነው፤ በሜትር 1,160 አካባቢ። ይሄ ብቻውን አያስደነግጥም። ጉዱ ያለው ሙቀቱ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ «መደበኛ» የሚባለው ሙቀት 7 ዲግሪ ከምናምን ነው። በግንቦት ከሰዓት በኋላ ድሬ 34 ስትገባ ልዩነቱ ወደ 27 ዲግሪ ይጠጋል። ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ጨምር የምትለዋን ደንብ ተምረሃታል። አባዛው፤ 3,200 ጫማ ገደማ ይመጣል። እንግዲህ አንተ የቆምከው ድሬ ነው፤ ሞተሩና ክንፉ ግን 7,000 ጫማ ላይ ነን ብለው ነው የሚሠሩት። ዴንሲቲ አልቲትዩድ የሚሉት ይሄንን ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ከ160 የፈረስ ጉልበትህ አንድ አምስተኛው ገና ጎማህ ከመሬት ሳይለቅ የለም ማለት ነው። የቀረውንም ጉልበት የሚያገኘው ፕሮፔለር በሳሳ አየር ነው የሚሽከረከረው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ማኮብኮቢያው ረጅም ነው፣ ምን ቸገረኝ» ይላል። እውነት ነው፣ የድሬ ማኮብኮቢያ ከ2.5 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለሴስና መነሻ ይተርፋል። የሚያታልለውም ይኸው ርዝመቱ ነው። መነሳት ትነሳለህ። ጥያቄው ከተነሳህ በኋላ ነው። በስተ ደቡብ ተራራው ከከተማው ጫፍ ነው የሚጀምረው፤ የደንገጎን ዳገት በመኪና የወጣ ያውቀዋል። ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ነች፤ ወደዚያ ለመሻገር የምታልፈው የአለማያ ደጋ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል። ጫፎቹን በቂ ክፍተት ትተህ ለማለፍ 10,000 ጫማ ያህል ያስፈልግሃል። ይህ ከማኮብኮቢያው 6,000 ጫማ መውጣት ነው። በሙቅ ቀን፣ ሞልታ የተጫነች 172 በአማካይ በደቂቃ 350 ጫማ ብትወጣ ደግ ነች። 17 ደቂቃ ማለት ነው። በዚያ 17 ደቂቃ 40 ኪሎ ሜትር ትሄዳለህ። ከድሬ ሐረር ደግሞ በአየር 40 ኪሎ ሜትር ከትንሽ ነው። ነገሩ ገባህ አይደል? ቀጥ ብለህ ከሄድክ ከፍታውን የምታገኘው ሐረር ስትደርስ ነው፤ ተራራው ግን እዚያ ድረስ አይጠብቅህም።

መፍትሔው ዕቃ አይደለም። በሰሜን ባለው ሜዳ ላይ እየዞርክ ውጣ፤ ከፍታህን ከያዝክ በኋላ ብቻ ወደ ደቡብ ዙር። ሸንተረሩን ስታቋርጥ ፊት ለፊት አትግባበት፤ በ45 ዲግሪ ሰያፍ ቅረበው፣ አየሩ ወደ ታች መጎተት ከጀመረ ቶሎ ወደ ሜዳው መመለስ እንድትችል። ነፋሱ ከደጋው ወደ ቆላው በሚወርድበት ቀን በዳገቱ በኩል ያለው አየር ከሞተርህ አቅም በላይ ሊጎትትህ ይችላል። ያኔ ሴስና ጋዙን እስከ መጨረሻው ብትገፋውም መውረዷን አትተውም።

ሚክስቸሩንም፣ ማለትም የነዳጅና የአየሩን ድብልቅ፣ ተመልከት። ፍሎሪዳ ውስጥ ቀዩን ዘንግ እስከ መጨረሻ ገፍተህ መነሳት ለምደሃል። የሴስና መመሪያ ራሱ ከ3,000 ጫማ በላይ ካለ ማረፊያ ስትነሳ፣ ቆመህ ሙሉ ጋዝ ሰጥተህ፣ ከፍተኛው ዙር እስኪገኝ ድረስ ሚክስቸሩን አሳሳው ይላል። ድሬ ከ3,000 በላይ ነች። ይህን ካላደረግክ ሞተሩ በነዳጅ ታንቆ፣ ካጣኸው አንድ አምስተኛ ላይ ሌላ ታጣለህ። በነፃ የሚገኝ የፈረስ ጉልበት ነው፤ እሱን ትቶ 800 ዶላር ለስክሪን የሚከፍል ሰው አይገባኝም።

ክብደቱም እንዲሁ። የ1977ቷ 172 ከፍተኛ ክብደቷ 1,043 ኪሎ ነው። ባዶዋን 660 ገደማ ናት እንበል፤ የእናንተዋን ትክክለኛ ቁጥር ከራሷ ወረቀት አውጣ፣ በየዘመኑ ሬዲዮ ሲጨመርባት ቀለም ሲደረብባት ኖራለችና። ሙሉ ነዳጅ 109 ኪሎ ነው። ለሰውና ለዕቃ የሚተርፈው 270 ከምናምን ነው። አራት ወንበር ስላላት አራት ሰው ትጭናለች ማለት አይደለም። ድሬ ላይ ደግሞ ወረቀቱ የሚፈቅደውን ሁሉ መጫን የለብህም። ለሐረር ዙር ሦስት ሰውና ግማሽ ነዳጅ፣ ከዚያ አትለፍ።

ሰዓቱን ግን አጥብቄ ነው የምነግርህ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሥተህ 4 ሰዓት ሳይሞላ መሬት ላይ ሁን። ድሬ ላይ ከ6 ሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ጋደም የሚለው ወዶ አይደለም። በክረምት ደግሞ ከሰዓት በኋላ በደጋው በኩል የሚቆለለው ደመና ከሜዳው ሆነህ ስታየው የሚያምር፣ ውስጡ ስትገባ የሚበትን ነው። እግረ መንገዴን፣ አቦ፣ አትቀየመኝና፣ ከሰዓት ጫት ቅሞ ሌሊቱን ዓይኑን ሳይከድን ያደረ ሰው በማግስቱ ጠዋት መሪ አይዝም። ጭንቅላቱ የነቃ ይመስለዋል እንጂ አልነቃም። የድሬ ልጅ ስለሆንክ ነው የምነግርህ፤ መመሪያ ላይ አታገኘውም።

አሁን ወደ ዕቃው። በጣም የተሳሳትከው ካርቦን ሞኖክሳይድ ላይ ነው፣ እና ከሁሉም ገዳዩ ስህተት ይህ ነው። የጣት መለኪያው ደም ምን ያህል ቀይ እንደሆነ በብርሃን ነው የሚያነበው። ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ሲይዝም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲይዝም ለመሣሪያው ተመሳሳይ ቀይ ነው። ስለዚህ እየተመረዝክ፣ እጅህ እየዛለ፣ መሣሪያው 97 ይልሃል። አንተም ደህና ነኝ ትላለህ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው የሚይዘው፤ አንዴ ከያዘ ንጹሕ አየር እየተነፈስክም ግማሹ ብቻ ለመውጣት 4 እና 5 ሰዓት ይፈጃል። ሽታ የለውም። ማንደጃ ከሰል ቤት ውስጥ አስገብተው በር ዘግተው ተኝተው የቀሩ ሰዎችን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። እዚህም ያው ነው፤ ማንደጃው ሞተሩ ነው፣ ክፍሉ ካቢኑ ነው።

እንዴት ነው የሚገባው? የሴስና ማሞቂያ አሠራሩ ቀላል ነው። በማርሚታው፣ የሞተሩ ጭስ በሚወጣበት የኤግዞስት ሳጥን፣ ዙሪያ የቆርቆሮ ሽፋን አለ፣ በመካከላቸው የሚያልፈው አየር ሞቆ ወደ ካቢን ይገባል። ማርሚታው ከተሰነጠቀ ከሙቀቱ ጋር ጭሱም ይገባል። «ድሬ ላይ ማሞቂያ ማን ይከፍታል» እንዳትለኝ። 10,000 ጫማ ላይ ጠዋት ይበርዳል፤ ትከፍተዋለህ። ባትከፍተውም ከኤግዞስት መጋጠሚያ የሚያፈተልክ ጭስ በእሳት መከላከያው ግድግዳ ቀዳዳዎች፣ በበሩ ላስቲክ በኩል መንገድ አያጣም። እኔ ራሴ አንዲት ያገለገለች ባለአንድ ሞተር አውሮፕላን ለምርመራ መጥታ ሽፋኑን ሳወልቀው፣ ማርሚታው ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አግኝቻለሁ። አብራሪው ለሁለት ወር ያህል «ስበር ራሴን ያመኛል፣ ከሙቀቱ ነው» ሲል ነበር። ሙቀቱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2019 ከፈረንሳይ ወደ ዌልስ ሲሄድ ባሕር ላይ የወደቀችውን ትንሽ አውሮፕላን ታስታውስ ይሆናል፤ እግር ኳስ ተጫዋቹ ኤሚሊያኖ ሳላ የሞተባት። የእንግሊዝ መርማሪዎች ደሙ ውስጥ ያገኙት የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን 58 በመቶ ነበር።

ስለዚህ የምትገዛው መጀመሪያ ዕቃ ይህ ነው፤ ግን የትኛውን? መሐሏ ላይ ክብ ነጥብ ያለባት፣ ጭስ ሲያገኛት የምትጠቁረውን ካርድ አትግዛ። የምታይበት ጊዜ ትዝ ካላለህ አትነግርህም፣ ጊዜዋም ቶሎ ያልፋል። ለቤት የሚሠራውንም አትግዛ። የቤት መለኪያ ያለ ምክንያት እንዳይጮኽ ሲባል ቀርፋፋ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ በአሜሪካ የቤት መለኪያ መስፈርት 70 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 70ው) ላይ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚጮኸው። አንተ ያን ጊዜ ሁሉ የለህም። ፒፒኤሙን በቁጥር የሚያሳይ፣ የሚጮኽ፣ መብራት የሚያበራ፣ ለአውሮፕላን የሚሸጥ ዲጂታል መለኪያ ግዛ። ከ200 ዶላር በታች ታገኛለህ። የአሜሪካው የአደጋ ምርመራ ቦርድ ኤንቲኤስቢም እ.ኤ.አ. በ2022 ዝግ ካቢን ባላቸው የፒስተን አውሮፕላኖች ላይ የሚያስጠነቅቅ መለኪያ የግድ ይሁን ብሎ ጠይቋል። በዚያ አገር ለካቢን የተፈቀደው ጣሪያ 50 ፒፒኤም ነው። እኔ ግን 20 ካየሁ መንስኤውን እፈልጋለሁ፤ 50 ካየሁ ማሞቂያ ዘግቼ፣ መስኮት ከፍቼ፣ ለማረፍ እሄዳለሁ። ራስ ምታት ካለ ቁጥሩን አትጠብቅ።

ኢኤልቲ አለን ብለሃል። የቱን? ይህ ጥያቄ ቀላል አይምሰልህ። በ1977 አውሮፕላን ላይ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በ121.5 ሜጋኸርዝ የሚጮኽ አሮጌ ነው። ሳተላይቶች ይህን ሞገድ መስማት ያቆሙት እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 2009 ነው። ከዚያ ወዲህ የሚሰማው ምናልባት በአጠገቡ የሚያልፍ አውሮፕላን ሬዲዮው እዚያ ላይ ከተከፈተ ብቻ ነው። ከድሬ በስተ ሰሜን ባለው በረሓ ላይ ብትወርድ የሚሰማህ ግመል ነው። የሚያስፈልግህ በ406 ሜጋኸርዝ የሚሠራው ነው። የማን አውሮፕላን እንደሆነች የሚናገር ዲጂታል መልእክት ይልካል፤ ጂፒኤስ ካለበት ቦታህንም ይነግራል። ኮስፓስ-ሳርሳት የተባለው ዓለም አቀፍ የሳተላይት ሥርዓት ያለ ክፍያ ይሰማዋል።

406 ኢኤልቲ ለመትከል ግን ዕቃው ብቻ አይበቃም፤ አንቴናው፣ ገመዱ፣ የባለሙያው ፊርማ አለ። በጀትህ ውስጥ ይገባል ብዬ አላስብም። ስለዚህ ለጊዜው ፒኤልቢ ግዛ፣ ያው በ406 የሚሠራ፣ በኪስ የሚያዝ፣ በእጅ የሚከፈት። ከ400 ዶላር ብዙ አይርቅም። ሁለት ነገር አስተውል። አንደኛ፣ ቦርሳ ውስጥ ወይም ከኋላ ወንበር ላይ አታስቀምጠው፤ ሰውነትህ ላይ ይሁን። ከአውሮፕላኗ ስትወጣ ይዘኸው የምትወጣው በሰውነትህ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ሲገዛ የአገር ኮድ ተቀርጾበት ነው የሚመጣው፤ መመዝገብም አለበት። የራሳቸው መዝገብ ለሌላቸው አገሮች ኮስፓስ-ሳርሳት የሚያስተዳድረው ዓለም አቀፍ የምዝገባ ቋት አለ። የእህትህን ስልክ ሳይሆን ድሬ ላይ የሚነሣ ስልክ አስገባበት። እና ከመግዛትህ በፊት ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንንና የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቅ፤ ሬዲዮ የሚያሰራጭ ዕቃ ያለ ፈቃድ ይዞ ገብቶ ጉምሩክ ላይ መከራከር ዋጋ የለውም። ኢኤልቲ ሲባል፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ሂትሮው ላይ የቆመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 787 የተቃጠለው በኢኤልቲው ሊትየም ባትሪ የተነሣ ነው። ሽቦው ክዳኑ ሥር ተቆንጥጦ ነበር። የኢኤልቲህን ባትሪ ራስህ በቢላ ከፍተህ አትቀይር።

ከፒኤልቢው ጋር ውኃ። ለእያንዳንዱ ሰው 4 ሊትር፣ የምትሄደው ሐረር እንኳ ቢሆን። እንዲሁም አንዲት ትንሽ መስታወት፤ ፀሐይ ባለበት አገር ከመስታወት የሚሻል ምልክት የለም፣ ባትሪም አይፈልግ።

አሁን ያ ልብህን የሰረቀው ኤዲኤስ-ቢ። አትግዛው። አሜሪካ ውስጥ መቀበያው የአየር ሁኔታውን የሚያሳየው በአገሪቱ ሁሉ የተተከሉ የመሬት ጣቢያዎች በነፃ ስለሚያሰራጩ ነው። ራሳቸው የማያሰራጩትን አውሮፕላኖችም የሚያሳዩህ እነዚያ ጣቢያዎች ናቸው። እዚህ ያ አገልግሎት የለም። ሳጥኑ ደንገጎ ላይ ያለውን ደመና አያውቅም። የሚያይልህ ራሱ የሚያሰራጭ አውሮፕላን ብቻ ነው፤ ማለትም በአብዛኛው የመቆጣጠሪያ ማማው አስቀድሞ የነገረህን ትልቁን ጄት። ምንም የማያሰራጨውን ሄሊኮፕተር፣ ድሮን፣ በሙቅ አየር የሚዞረውን ጭላት አያይም። ባዶ ስክሪን «ሰማዩ ነፃ ነው» ማለት መስሎህ ዓይንህን ከመስኮቱ ካነሣህ ደግሞ ጎዳህ። የአየር ሁኔታውን ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜትሮሎጂ ጠይቅ፤ ሐረር ያለ ዘመድህ ጋ ደውለህ «ሰማዩ እንዴት ነው፣ ሐኪም ጋራ ይታያል?» በለው። አልቀለድኩም፣ እኔ አደርገዋለሁ።

አይፓዱን ካርታ ለማየት ከፈለግክ ጥሩ ነው፤ ሁለት ነገር እወቅ። ዋይፋይ ብቻ ያለው አይፓድ ጂፒኤስ የለውም፣ ሲም የሚቀበለው ነው ያለው። እና አምራቹ የሚፈቅደው የሥራ ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ነው። ድሬ ላይ መስታወት ሥር፣ ፀሐይ እየመታው፣ ካቢኑ ውስጥ ያለው ሙቀት ከዚያ በላይ ነው። ማስጠንቀቂያ ጽፎ ይዘጋል። መዝጋቱን የሚመርጠው ደግሞ በጣም በምትፈልገው ሰዓት ነው። ስለዚህ ዳሽቦርዱ ላይ አትለጥፈው፣ አየር መግቢያው አጠገብ በጥላ አድርገው፣ ጉልበትህ ላይ ደግሞ መንገድህ፣ ዲግሪህና ደቂቃህ የተጻፈበት ወረቀት ይኑር። ወረቀት አይሞቅም።

ኦክስጅን ለሐረር ዙር አያስፈልግም። ለአዲስ አበባ ግን ሌላ ነው። በአየር 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በ172 አንድ ሰዓት ከአርባ። ተራሮቹን አልፈህ ለመድረስ ከ10,000 ጫማ በላይ ከግማሽ ሰዓት የበለጠ ትቆያለህ። አይካኦ የተባለው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት ከ10,000 እስከ 13,000 ጫማ ባለው ከ30 ደቂቃ በላይ ከሆነ ለአብራሪዎቹ፣ ከ13,000 በላይ ለሁሉም ኦክስጅን ይኑር ይላል። አሜሪካ 12,500 ትላለች፤ ፍሎሪዳ የተማርከው እሱን ነው፣ እዚህ አትቁጠርበት። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ትንሽ ይለምደዋል፤ አንተ የድሬ ልጅ ነህ፣ ሳንባህም ቆላ ነው። የጣት መለኪያህ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከበያጅ ቤት ሲሊንደር ተውሰህ ግን እንዳላይህ።

ግን ለአዲስ አበባ ጉዞ ከኦክስጅኑ በላይ የሚያሳስበኝ አውሮፕላኗ ነች። የ172ቷ የከፍታ ጣሪያ፣ ልትወጣ የምትችለው የመጨረሻው ከፍታ፣ በመደበኛ አየር 14,200 ጫማ ነው። እዚህ አገር 12,000 ጫማ ላይ አየሩ ከመደበኛው 15 ዲግሪ ሞቅ ካለ፣ እሷ የሚሰማት 13,800 ነው። ጣሪያዋን በራሷ ልትነካ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ 24 ዲግሪ በሆነ ቀን የማኮብኮቢያው ዴንሲቲ አልቲትዩድ 10,500 ጫማ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባን እርሳው። ስትሄድም ሁለት ሰው ሆናችሁ፣ አድራችሁ፣ ጠዋት ተመለሱ።

ፓራሹቱ ይሠራል፤ የሲረስ ፓራሹት ብዙ ሰው አትርፏል። ጓደኛህ የዘነጋው ሁለት ነገር ነው። ቁመት ይፈልጋል፤ በመጀመሪያዎቹ የሲረስ ኤስአር22 ዓይነቶች ላይ በቀጥታ በረራ 400 ጫማ፣ ከሽክርክሪት ውስጥ 920 ጫማ ይበላል። በዳገቱ ላይ ስትወጣ ከሥርህ ያለው ክፍተት ሁልጊዜ ይህን ያህል አይደለም። ሌላው፣ ፓራሹቱንና የሚያወጣውን ሮኬት በየ10 ዓመቱ መቀየር ግዴታ ነው። ሮኬት ፈንጂ ነው። በአየር ጭነት፣ በጉምሩክ፣ በፀጥታ በኩል እዚህ አስገብተህ ማን ይተክልልሃል? ጊዜው ባለፈ ፓራሹት የሚተማመን አብራሪ ፓራሹት ከሌለው የባሰ ነው፣ ለመሞከር የማይገባውን ይሞክራልና።

ያልጠየቅከው፣ ግን ችላ የማይባለው፣ የትከሻ ቀበቶ ነው። በአሜሪካ ሕግ የፊት ወንበር የትከሻ ቀበቶ የግድ የሆነው እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1978 በኋላ ለተሠሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ነው፤ ለሁሉም ወንበር የሆነው ከ1986 መጨረሻ ወዲህ። የናንተዋ 1977 ነች። ከፊት ካለ እሰየው፣ ከኋላ የሌለ ሊሆን ይችላል። ከሻጩ ጋር ስትደራደር ይህን አስጨምር። ሊተርፉ ይችሉ የነበሩ ብዙ ሰዎች ግንባራቸው ዳሽቦርዱን መትቶ ነው የሚሞቱት። እሳት ማጥፊያም ለመኪና የሚሸጠውን ከድሬው ታይዋን ገበያ አታምጣ፤ ዱቄቱ በትንሽ ካቢን ውስጥ ዓይን ይጋርዳል፣ አሉሚኒየሙንም ይበላል። ሃሎን የተባለው ጋዝ ያለበት ወይም ተተኪው ነው የሚፈለገው። እህትህ ግን በሻንጣ አታመጣውም፤ በተሳፋሪ አውሮፕላን የተከለከለ ነው። የተሞላ የኦክስጅን ሲሊንደርም እንዲሁ። ፒኤልቢውን ደግሞ ሊትየም ባትሪ ስላለበት በእጅ ቦርሳዋ ትያዘው።

ስለዚህ ውሳኔዬ ይህ ነው። ሲረሷን ተዋት። ኤዲኤስ-ቢውን ተወው። ለእህትህ ሁለት ነገር ብቻ ጻፍላት፦ ዲጂታል የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያና ፒኤልቢ። 600 ዶላር ገደማ ይሆናሉ። የቀረውን 1,400 እንዳትነካው፤ ግማሹን ለ406ቱ ኢኤልቲና ለትከሻ ቀበቶው መነሻ እንዲሆን አስቀምጥ፤ ግማሹን ድሬንና ደጋውን ከሚያውቅ አሠልጣኝ ጋር ለ5 ወይም 6 ሰዓት በረራ ክፈለው፣ ቢያንስ አንዱ በሙቅ ሰዓት ይሁን፣ የምትሸሸውን ነገር አንድ ጊዜ በዓይንህ እንድታየው። የፍሎሪዳ ፈቃድህንም ባለሥልጣኑ ሳያጸድቅልህ አትነሣ።

አውሮፕላኗን ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ነዳጁን ጠይቁ። የዚያ ዓመት 172 ሞተር ባለ100 ኦክቴን አቪጋዝ ነው የሚፈልገው፤ ሰማያዊ ቀለም ያለው። አየር መንገዶቹ የሚቀዱት የጄት ነዳጅ የነጭ ጋዝ ዘመድ ነው፤ ታንክህ ውስጥ ከገባ ሞተሩ ተነሥቶ፣ አኮብኩቦ፣ አየር ላይ ነው የሚከዳህ። ከማደያ የሚቀዳውም ቤንዚን አይሆንም፤ ኦክቴኑ አይደርስም፣ በድሬ ሙቀትም መስመሩ ውስጥ ተንኖ ነዳጁን ይዘጋል። አቪጋዙ በበርሜል የሚመጣ ከሆነ ውኃ አይጠፋውም። ከታንኩ ሥር ቀድተህ ቀለሙን እይ፣ አንዲት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣል። አቪጋዝ ከሆነ ይደርቃል። ቅባት መሳይ ቀለበት ከቀረ ያን ቀን አትበርም።